«ገዢ ሁሉ ከእግዚአብሔር ነው» ተብዬ ዝም ልበል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የመንግሥት ሠራተኛና የሁለት ልጆች እናት ነኝ። በ1997ቱ ምርጫ ገና ዕድሜዬ ለካርድ የደረሰ ወጣት ነበርኩ። ሳይነጋ ወጥቼ ተሰለፍኩ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ያውቁታል። በ2010 እንደገና ተስፋ አደረግኩ። በ2013ም መረጥኩ። አሁን ግን ደክሞኛል። ሰው በስልክ እንኳን ቃሉን እየመረጠ ነው የሚያወራው። አብሮኝ የሚሠራ ልጅ ፌስቡክ ላይ በጻፈው ነገር ከታሰረ ወራት አልፈዋል። ንዴቴን ለንስሐ አባቴ ስነግራቸው «ገዢ ሁሉ ከእግዚአብሔር ነው። በመንግሥት ላይ ማጉረምረም ኃጢአት ነው። ዝም ብለሽ ጸልዪ» አሉኝ። ስጸልይ ደግሞ ሳላስበው ስራገም ራሴን አገኘዋለሁ። መናደዴ ኃጢአት ነው? ከእንግዲህስ ለምርጫ መሰለፍ ለአንድ ክርስቲያን ምን ይጠቅመዋል?

መልስ፦ እኅቴ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ። ጾሙንም ጸሎቱንም እንደምትይዢ ከአጻጻፍሽ ይታያል። ስለዚህ «ጹሚ፣ ስገጂ» እያልኩ አላስረዝምብሽም። ያቺ «ገዢ ሁሉ ከእግዚአብሔር ነው» የምትባለው ነገር ላይ ግን መቆየት እፈልጋለሁ። በየጉባኤው ታጋጥመኛለች። የተበደለ ሰው ይዟት ይመጣል፤ በደሉ ሳያንሰው ደግሞ በደሉን መናገር ኃጢአት ነው ተብሎ ተጨምሮበታል።

በመጀመሪያ ንስሐ አባትሽን አትቀየሚያቸው። ልጆች አሉሽ። ባልደረባሽን ያገኘው አንቺንም እንዳያገኝሽ ሠግተው ይሆናል፤ የአባት ሥጋት ነው። ግን «ልጄ፣ እፈራልሻለሁ» ቢሉሽ ይሻል ነበር። ፍርሃት ኃጢአት አይደለም። ፍርሃታችንን በቅዱስ ጳውሎስ ስም ስንናገር ግን ሐዋርያው ያላለውን እናስተምራለን።

ብዙ ሰው ሮሜ 13ን የሚያነበው እስከ ቁጥር ሁለት ነው። ሥልጣን ሁሉ ከእግዚአብሔር ነው፣ የሚቃወም የእግዚአብሔርን ሥርዓት ይቃወማል ይልና መጽሐፉን ያጥፈዋል። ቁጥር ሦስትና አራት ላይ ሐዋርያው ሥልጣን ለምን እንደ ተሰጠ ይናገራል። ሹም ክፉ የሚሠራውን እንጂ መልካም የሚሠራውን እንዲያስፈራ አልተሾመም። ለሕዝቡ በጎ እንዲሆን የተላከ የእግዚአብሔር አገልጋይ ነው። እንግዲህ ደግ ሰው ሲፈራና ቀማኛ ደረቱን ነፍቶ ሲሄድ ብታዪ፣ የተሰጠው ሥልጣን ከተሰጠበት ምክንያት ወጥቷል ማለት ነው። ይህን ያልኩት እኔ አይደለሁም፤ ራሱ ምዕራፉ ነው።

ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ ይህን ክፍል ሲተረጉም ያንቺኑ ጥያቄ ያነሣል። ታዲያ እያንዳንዱ ገዢ በእግዚአብሔር የተመረጠ ነው ማለት ነው? ብሎ ይጠይቃል። መልሱም፣ እንደዚያ አላልኩም የሚል ነው። ሐዋርያው የተናገረው ስለዚህኛው ወይም ስለዚያኛው ሹም አይደለም ይላል። ሰው እንዳይበላላ፣ ኑሮው ሥርዓት እንዲኖረው፣ እግዚአብሔር አስተዳደር የሚባለውን ነገር ስለ ማኖሩ ነው። ሊቁ ይህን በወረቀት ላይ ብቻ አላስቀረውም። ንግሥት አውዶክስያ የአንዲት መበለት ርስት በወሰደች ጊዜ ፊት ለፊት እንደ ገሠጻት ስንክሳራችን ይነግረናል። ለስደት ተዳረገ። በ407 እ.ኤ.አ. ወደ ስደት ቦታ ሲነዱት መንገድ ላይ ዐረፈ። ሮሜ 13ን የተረጎመልን ሰው ሞቱ እንዲህ ነበር።

አሁን ወደ ራሱ ወደ ጳውሎስ ልውሰድሽ። የሐዋርያት ሥራ 16ን አንብቢ። በፊልጵስዩስ ያለ ፍርድ በሕዝብ ፊት አስገረፉት፣ ከሲላስ ጋር ወኅኒ ጣሉት፣ እግሩን በግንድ አጣበቁት። ሌሊቱን ሲጸልይና ሲዘምር አደረ። ይህንን ሁላችንም እንሰብከዋለን፤ የወኅኒው መሠረት እንደ ተናወጠ፣ ደጆቹ እንደ ተከፈቱ። በማግስቱ ጠዋት የሆነው ግን ብዙ ጊዜ አይሰበክም። ገዢዎቹ ሎሌዎች ልከው «ልቀቋቸው» አሉ። ጉዳዩ በዝምታ እንዲያልቅ ፈለጉ። እኛ ብንሆን «ተመስገን» ብለን ውልቅ ነው። ጳውሎስ ግን ንቅንቅ አላለም። እኛ የሮም ዜጎች ነን፣ ያለ ፍርድ በአደባባይ ደብድበውን በስውር ሊያስወጡን ነው? አይሆንም፣ ራሳቸው መጥተው ያውጡን አለ። መጡ፤ ለመኑትም።

ልብ በይ። ሌሊቱን ሙሉ የዘመረው አፍ ነው ጠዋት መብቱን የጠየቀው። በጸሎቱና በጥያቄው መካከል ጠብ አልነበረም። ገዢውን አልሰደበም፣ ድንጋይም አልወረወረም። የሮም ሕግ ዜጋን ያለ ፍርድ መግረፍ ይከለክል ነበርና፣ ሹሞቹን የራሳቸው ሕግ ፊት አቆማቸው። ኋላም በቂሣርያ አሳልፈው ሊሰጡት ሲያስቡ «ወደ ቄሣር ይግባኝ ብያለሁ» አለ። ይግባኝ ያለው ሮሜ 13ን ከጻፈ በኋላ ነው። ስለዚህ «ለሥልጣን ተገዙ» ማለት «ሕግ ሲጣስ ዝም በሉ» ማለት ቢሆን ኖሮ፣ ትእዛዙን መጀመሪያ የጣሰው ጸሐፊው ራሱ በሆነ ነበር።

ይህንን ወደ እኛ አገር አምጪው። በ1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥት የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል፤ አንቀጽ 19 ነው። አንቀጽ 29 ሰው ሐሳቡን በነፃነት ይግለጽ ይላል። አንቀጽ 12 ደግሞ ማንኛውም ኃላፊና የሕዝብ ተመራጭ ኃላፊነቱን ሲያጓድል ተጠያቂ ነው ይላል፤ ሕዝቡ እምነት ያጣበትን ተወካይ ከቦታው ማንሣት እንደሚችልም ይደነግጋል። እንግዲህ ባልደረባሽ ለምን በሕጉ መሠረት አልተያዘም ብለሽ ብትጠይቂ፣ በየትኛው ሥልጣን ላይ ነው ያመፅሽው? አገሪቱ የበላይ ነው ያለችውን ሕግ ነው የጠቀስሽው። እኔ ከዚህ ውስጥ ዐመፅ አይታየኝም። ጳውሎስ ያደረገውን ነው ያደረግሽው።

«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የሚለውን ተረት ከቅዱስ መጽሐፍ የተወሰደ የሚመስላቸው ምእመናን አጋጥመውኛል። መጽሐፉ ውስጥ ያለው ተቃራኒው ነው። ናታን ዳዊትን ፊቱ ቆሞ «ያ ሰው አንተ ነህ» አለው። ኤልያስ የናቡቴን ደም ይዞ አክዓብን ሄዶ ተገናኘው። ዳዊት ንጉሥ የተባለው በእግዚአብሔር ቅብዐት ነው፤ ግን ቅብዐቱ ከመከሰስ አላዳነውም። ደግሞም ዳዊትን ያዳነው ክሱን ሰምቶ ማልቀሱ ነው።

ከራሳችን ቤት ልጨምር። ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. አቡነ ጴጥሮስ አዲስ አበባ ላይ በጥይት ሲገደሉ፣ በዚያች ከተማ ሥልጣን የያዘው ጣልያን ነበር። ቤተ መንግሥቱም፣ ጦሩም፣ ፍርድ ቤቱም የእርሱ ነበር። «ያለ ሥልጣን ሁሉ ከእግዚአብሔር ነው፣ ተገዙ» የሚለው ትምህርት እንደሚባለው ቢሆን፣ ብፁዕ አባታችን ሰማዕት ሳይሆኑ ዐመፀኛ ነበሩ ማለት ነው። ይህን የሚል ኦርቶዶክሳዊ አለ? የለም። እንግዲያው ለአቡነ ጴጥሮስ አንድ ሮሜ 13፣ ለቀበሌ ሊቀ መንበር ሌላ ሮሜ 13 አይኖረንም።

አንድ ነገር ደግሞ ለሁላችንም ልናገር፤ ለእኛ ለአገልጋዮቹም ጭምር ነው። በ2015 ዓ.ም. የቤተ ክርስቲያን አንድነት በተደፈረ ጊዜ፣ በነነዌ ጾም ጥቁር ለብሰን ነው ያለቀስነው። ጸለይን፣ ደግሞም መግለጫ አወጣን፣ መንግሥትንም ሕጉን ጠቅሰን ጠየቅን። ያኔ «ገዢ ከእግዚአብሔር ነውና ዝም በሉ» ያለን ሰው አልነበረም። ትክክል ነበርን። ታዲያ የተበደለው ተራ ዜጋ ሲሆን ነው ጥቅሱ ትዝ የሚለን? የታሰረው ልጅ ሙስሊም ቢሆን፣ ፕሮቴስታንት ቢሆን፣ የሌላ ብሔር ሰው ቢሆንም እግዚአብሔር ፍርድን ይወዳል። «አፍህን ስለ ዲዳው ክፈት» የሚለው ምሳሌ 31 የማን ዲዳ ብሎ አልለየም።

እስካሁን ደስ ያለሽ ይመስለኛል። ከዚህ በኋላ ያለው ግን ይቆረቁርሻል፤ ታገሺኝ።

መናደድሽ ኃጢአት አይደለም። «ተቈጡ፣ ኃጢአትንም አታድርጉ» ተብሏል። ግፍ አይቶ የማይናደድ ሰው ይበልጥ ያሳስበኛል። እርግማኑ ግን ሌላ ነገር ነው። ጸሎትሽ ወደ እርግማን ከዞረ፣ የሚገዙሽ ሰዎች ያልነኩትን ውስጥሽን እየነኩት ነው። ከዚያ የሚከተለውንም አውቀዋለሁ፤ በየቤቱ እያየሁት ነው። ሰው መጀመሪያ ባለ ሥልጣኑን ይጠላል። ቀጥሎ የባለ ሥልጣኑን ብሔር ይጠላል። ከዚያ የዚያ ብሔር የሆነችውን ጎረቤቱን ሰላም ማለት ያቆማል። በቅዳሴ «ተአምኁ በበይናቲክሙ»፣ እርስ በርሳችሁ ሰላም ተባባሉ፣ ሲባል እንኳን ፊቱን ያዞራል። ሕዝቅኤል 18 ኃጢአት የሠራችው ነፍስ ራስዋ ትጠየቃለች ይላል። የሹም ግፍ በዘመዶቹ አይጻፍም፤ አፉን የፈታበትን ቋንቋ በሚናገር ሁሉ ላይማ ፈጽሞ አይጻፍም። እዚህ ላይ አላባብልሽም። እርግማኑን ተዪ። ስማቸውን ጥሪና እግዚአብሔር ልብ እንዲሰጣቸው ለምኚ። ካቃተሽ «ጌታ ሆይ፣ አቅቶኛል» በዪ፤ እርሱም ጸሎት ነው።

ስለ ምርጫው። ድካምሽን አልነቅፈውም። ከ1997 በኋላ ምን እንደ ሆነ አይተናል፤ አጣሪ ኮሚሽኑ የተገደሉትን ሰላማዊ ሰዎች 193 ብሎ ቆጥሯል። በ2002 ከ547 መቀመጫ 545ቱን፣ በ2007 ደግሞ አንድም ሳይቀር 547ቱን ገዢው ግንባርና አጋሮቹ ወሰዱ። መቶ ሚሊዮን ሰው ባለበት አገር አንድ የተለየ ድምፅ ጠፋ። በ2013 የትግራይ ሕዝብ ድምፅ ሳይሰጥ በጦርነት ውስጥ ነበር። ይህን ያየ ሰው ቢታክተው አይገርመኝም። «ፖለቲካና ኮረንቲ በሩቁ» የሚለው አባባል ከብዙ ለቅሶ በኋላ የመጣ ነው።

ግን ጌታ ጸሎትን ሊያስተምረን ሲፈልግ በሉቃስ 18 ማንን እንዳመጣ አስቢ። እግዚአብሔርን የማይፈራ፣ ሰውን የማያፍር ዳኛ ጋ የምትመላለስ መበለት ናት። ዳኛው ክፉ እንደ ሆነ ታውቃለች። ጉቦ የላትም፣ ዘመድ የላትም። መሄድዋን ግን አላቆመችም። ጌታ ይህችን ሴት «ሳይታክቱ መጸለይ» ለሚባለው ነገር ምሳሌ አደረጋት። ስለዚህ የሚቀጥለው ምርጫ ሲመጣ ካርድ ውሰጂ እልሻለሁ። ለማን እንደምትመርጪ ከእኔ አትጠብቂ፤ ዐውደ ምሕረት ለፓርቲ አይደለም። ካርዱ አገር ያድናል ብዬም አላታልልሽም። ፍርድን መፈለግ እንዳልተውሽ የምታሳዪበት አንዱ መንገድ ስለ ሆነ ነው።

ካርዱን ከምትጥዪበት ቀን ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን የሌሎቹ ቀኖች ነገር ነው። የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ ብለሻል። የምርጫ መዝገብ የሚያጣምመው ሚኒስትር አይደለም፤ እስክርቢቶ የያዘ እንደ አንቺና እንደ እኔ ያለ ሰው ነው። ያልተደረገ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ የሚፈርመው፣ ያላየውን ነገር «አይቻለሁ» ብሎ ምስክርነት የሚሰጠው፣ ጎረቤቱን ለሹመት ብሎ የሚጠቁመው እርሱ ነው። ብዙዎቹ የእኛው ልጆች ናቸው፤ ማዕተብ ያሰሩ ናቸው። ሰው ጾም መሻሩን ይናዘዛል። በሐሰት መፈረሙን ግን «ሥራ ነው፣ ምን ላድርግ» ብሎ ያልፈዋል። ዘፀአት 23 ፍርድን ለማጣመም ከብዙዎች ጋር አትተባበር ይላል። እንግዲህ አንቺ ጠረጴዛ ላይ እንዲህ ያለ ወረቀት ሲመጣ አትፈርሚ። መጮኽ አይጠበቅብሽም። «ይህን አላየሁም፣ አልፈርምም» ማለት ይበቃል። ዋጋ ሊያስከፍልሽ ይችላል፤ የደረጃ ዕድገት ሊያስቀርብሽ ይችላል። ያንን ዋጋ አቅልዬ አላየውም። ከዚህ በላይ መናገር ስለሚጠይቅ ነገር ግን ልጆችሽን አስቢ፣ ከባለቤትሽ ጋር ተማከሪ፤ ሰማዕትነት ለሌላ ሰው የሚታዘዝ ነገር አይደለም።

ስለ ባልደረባሽ። ሄደሽ ጠይቀሽዋል? ደብዳቤሽ ውስጥ አላየሁም። «ታስሬ ጠይቃችሁኛል» የሚለው ቃል ጌታ በመጨረሻው የፍርድ ቀን የሚናገረው ነው፤ ስለዚህ አትዘግዪ። ስንቅ ያዢ፤ ብቻሽን ከፈራሽ ከመሥሪያ ቤት ሰው አስከትዪ። እናቱ ወይም ባለቤቱ ካሉ ቤታቸው ሂጂ፣ ልጆች ካሉት የደብተርና የኪራይ ነገር እንዴት እንደ ሆነ ጠይቂ። ጠበቃ ከሌለው መዋጮ አሰባስቡ። ችሎቱ ግልጽ ከሆነ ቀጠሮው ቀን ገብተሽ ተቀመጪ። ክርስቲያን ከሆነም የክርስትና ስሙን ላኪልኝ፣ በቅዳሴ እናስበዋለን።