ተረከዜ ውሃ ቋጠረ፣ ጉዞው ሦስት ሳምንት ቀርቶታል

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ከጓደኞቼ ጋር ስሜን ተራሮችን ልንወጣ ነው። ከሳንቃበር በግጭ አድርገን ጨነቅ፣ ከዚያ ቧሂትን ተሻግረን አምቢቆ። አዲስ ቡትስ ገዛሁ። እንጦጦ ላይ ሁለት ሰዓት እንኳ ሳልሄድበት ግራ ተረከዜ ውሃ ቋጠረ። ሻጩ «ሲለመድ ይሰፋልሻል» ይላል። ላፍርጠው ወይስ ልተወው? ጫማውንስ ልቀይር? (ሰ. ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ሰላም ልጄ። መጀመሪያ ቁስሉን። ትንሽ ከሆነና ካላስቸገረሽ አትንኪው፤ የራሱ ቆዳ ከፋሻ ይሻለዋል። ተወጥሮ መራመድ ከከለከለሽ ግን እጅሽንም ቦታውንም በሳሙና ታጠቢ። መርፌውን በአልኮል ጠርገሽ ከጠርዙ ወጋ አድርጊና ውሃውን አፍስሺ። ቆዳውን እንዳትልጪው። ቫዝሊን ቀባ አድርገሽ በንጹህ ፋሻ ሸፍኚው። ዙሪያው ከቀላ ወይም መግል ከያዘ ጤና ጣቢያ ሂጂ። ስኳር ያለበት ሰው ደግሞ ከመጀመሪያውም በመርፌ አይንካው።

ጫማውን ወደ ማታ፣ እግርሽ ውሎ አበጥ ሲል ለኪው፤ የምትጓዢበትን ካልሲ አድርገሽ። ከረጅሙ ጣትሽ ፊት የአውራ ጣት ስፋት ያህል ቦታ ይቅር። ስትራመጂ ተረከዝሽ ከፍ ዝቅ ካለ ቀይሪው። መለመድ ቆዳውን ያለሰልሳል እንጂ ቁጥሩን አይቀይርም። ልክሽ ከሆነ፣ ቁስሉ ሲድን ሥራም ሱቅም አድርገሽው ዋዪ።

ደባርቅ ተወልጄ ብዙ ዓመት እንግዳ ይዤ ወጥቻለሁ። አንድ ጊዜ ከግጭ ወደ ጨነቅ ስንሄድ አንዲት ወጣት ከኋላ ትቀር ነበር። ስጠይቃት «ደህና ነኝ» ትላለች። ጨነቅ 3,620 ሜትር ላይ ነው፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ብርዱ አጥንት ይገባል። እዚያ ደርሰን ጫማዋን ስታወልቅ ካልሲው አልላቀቅ አለ። ለብ ባለ ውሃ አርሰን ቀስ ብለን ስንስበው የተረከዟ ቆዳ አብሮ መጣ። ቀኑን ሙሉ ሲያቃጥላት ውሏል። ጓደኞቼን አላስቆምም ብላ ነው ዝም ያለችው። በማግስቱ ሌሎቹ ወደ ቧሂት ሲወጡ እሷ በመኪና ተመለሰች። ቁጭ በይና አውልቂው አለማለቴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ውሃ ከመቋጠሩ በፊት ያቃጥላል። በዚያው ደቂቃ ቁሚ። አውልቂ፣ እግርሽን አድርቂ፣ ፕላስተሩን ሳይጨማደድ ለጥፊ፣ ካልሲ ቀይሪ። አምስት ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ካልሲው የሱፍ ይሁን፤ ጥጥ ላብ ይዞ ይቀራል፣ የራሰ ቆዳ ደግሞ ቶሎ ይላጣል። አንድ ደረቅ ካልሲ ለመኝታ ብቻ አስቀምጪ።

ከቧሂት ወደ አምቢቆ ቁልቁለቱ ከ1,000 ሜትር በላይ ነው። እዚያ የሚጎዳው ጥፍር ነው። ከጉዞው ሁለት ሦስት ቀን ቀደም ብለሽ ቀጥ አድርገሽ ቁረጪው። መውረድ ከመጀመርሽ በፊት ተቀመጪ፣ ተረከዝሽን ወደ ኋላ መታ መታ አድርጊና ክሩን ቁርጭምጭሚትሽ ጋ ጠበቅ አድርጊው።

ለጓደኞችሽም ከሳንቃበር ሳትነሱ ንገሪያቸው፦ አንድ ሰው «አቃጠለኝ» ካለ ሁሉም ይቆማል።