አልጠፋም ላለህ የውሸት አንቲቫይረስ

«37 ቫይረስ ተገኝቷል፣ ለማጥፋት ክፈል» የሚለው መስኮት አልዘጋ ካለህ ኮምፒውተሩን በሴፍ ሞድ (ዊንዶውስ የግድ የሚያስፈልገውን ብቻ ይዞ በሚነሳበት ሁኔታ) አስነሳው፤ የውሸት አንቲቫይረሱ አብዛኛውን ጊዜ እዚያ አብሮ አይነሳም።

1. ሺፍትን እንደያዝክ ሪስታርትን ተጫን። ትራብልሹት፣ አድቫንስድ ኦፕሽንስ፣ ስታርትአፕ ሴቲንግስ፣ ሪስታርት፤ ዝርዝሩ ሲመጣ 4ን።
2. ሴቲንግስ ውስጥ አፕስ ገብተህ በተጫኑበት ቀን ደርድራቸው። ችግሩ በጀመረበት ሰሞን የገባውን፣ የማታውቀውን አጥፋ።
3. በደንቡ አስነስተህ ከዊንዶውስ ሴኩሪቲ የዲፌንደርን (የዊንዶውስ የራሱን አንቲቫይረስ) ኦፍላይን ስካን፣ ማለትም ዊንዶውስ ሳይነሳ የሚደረገውን ፍተሻ፣ አስኪድ። 15 ደቂቃ ገደማ ነው።

መልእክቱ ከታች በቀኝ ጥግ የብሮውዘሩን ስም ይዞ ብቅ የሚል ከሆነ ግን የሚጠፋ ፕሮግራም ላይኖር ይችላል፤ አንድ ሳይት በብሮውዘሩ በኩል የሚልከው ኖቲፊኬሽን (ማሳወቂያ) ነው። በብሮውዘሩ ሴቲንግ ለዚያ ሳይት የሰጠኸውን ፈቃድ ሰርዝ።

መስኮቱ ላይ ያለውን «ዝጋ» አትንካ፣ ራሱ ማውረጃ ሊሆን ይችላል። የካርድ ቁጥር አስገብተህ ከነበረ ደግሞ ጽዳቱን ተወውና መጀመሪያ ባንክህ ደውለህ ካርዱን አዘጋ።