ሰዓቱ ከዲፌንስሽ ቀን ጀምሮ ይቆጥራል

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ስቶክሆልም ውስጥ በቲቢ ኢሚውኖሎጂ (የሰውነት መከላከያ ጥናት) ዶክትሬትሽን ልትጨርሺ ነው፤ ዲፌንስሽ፣ ማለትም የመመረቂያ ጽሑፍሽን የምትከላከዪበት ቀን፣ በሜይ ነው። ፕሮፌሰርሽ በራሳቸው ግራንት (የምርምር ገንዘብ) ሁለት ዓመት ፖስትዶክ (ከዶክትሬት በኋላ የሚቀጠር ተመራማሪ) ሆነሽ እንድትቆዪ ጠይቀውሻል። በራስሽ ስም ለፌሎሺፕ (ለተመራማሪው ለራሱ ለሚሰጥ የምርምር ድጋፍ) መወዳደር ትፈልጊያለሽ፣ ግን «መጀመሪያ እዚሁ ልረጋጋ» ብለሻል። አባትሽ «ስንት ዓመት ነው የምትማሪው?» ይሉሻል፤ ወንድምሽ ለቤት መሥሪያ ገንዘብ ይጠብቃል። እንግሊዝኛሽና ያሳተምሽው ጽሑፍ አንድ ብቻ መሆኑም ያሳስቡሻል።

እኔን ያሰጋኝ «ልረጋጋ» ያልሽው ነው። ፌሎሺፖቹ ዶክትሬት ካገኘሽበት ቀን ጀምሮ ጊዜ ይቆጥሩብሻል። ኤምቦ (የአውሮፓ ሞለኪውላር ባዮሎጂ ድርጅት) ዶክትሬት ካገኘ ሁለት ዓመት ያለፈውን አመልካች አይቀበልም። የአውሮፓ ኅብረት የማሪ ኩሪ ፌሎሺፕ እስከ ስምንት ዓመት ይታገሣል፤ ነገር ግን ከማመልከቻው መዝጊያ ቀን በፊት ባሉት 36 ወራት ውስጥ በአስተናጋጁ አገር ከ12 ወር በላይ የኖረ ሰው እዚያው አገር ሊጠቀምበት አይችልም። ስለዚህ በማሪ ኩሪ በኩል ስዊድን ላንቺ ዝግ ናት፤ በቆየሽ ቁጥርም ዝግ እንደሆነች ትቀጥላለች። ዌልካም የተባለው የብሪታንያ በጎ አድራጎት ድርጅት የጀማሪ ተመራማሪዎች ሽልማት ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከሦስት ዓመት ያልበለጠ የፖስትዶክ ልምድ ነው የሚጠይቀው። እስቲ ደምሪው፦ ፕሮፌሰርሽ ዘንድ ሁለት ዓመት፣ ማሪ ኩሪ ሁለት ዓመት፣ አራት ሆነ። ዌልካም አለፈሽ ማለት ነው።

ዌልካምን የማነሳው በምክንያት ነው። ደመወዝሽን ችሎ እስከ 400,000 ፓውንድ የምርምር ወጪ ይሰጣል፣ አብዛኛውን ጊዜ አምስት ዓመት ይቆያል፣ አስተናጋጁም ኢትዮጵያ ያለ ብቁ ተቋም ሊሆን ይችላል። አንድ ቀን አዲስ አበባ የራስሽን ላቦራቶሪ ማቋቋም ካሰብሽ፣ ከዚህ የተሻለ መመለሻ አይታየኝም።

ስለዚህ የፕሮፌሰርሽን ግብዣ ለ12 ወር ብቻ ተቀበዪ፤ ያኔ ከማሪ ኩሪ ጋር ድምሩ ሦስት ዓመት ይሆናል። በሳምንት አንድ ቀን ለራስሽ ፕሮፖዛል (የምርምር ዕቅድ) እንዲሰጡሽም በጽሑፍ ተስማሙ። በእሳቸው ግራንት የምትሠሪው የእሳቸውን ጥያቄ ነው፤ ገምጋሚ ግን የሚፈልገው ያንቺን ነው።

የማሪ ኩሪ ማመልከቻ ሴፕቴምበር ላይ ይዘጋል። በጁላይና በኦገስት አውሮፓ ውስጥ ፕሮፌሰር ማግኘት ከባድ ነው፤ ስለዚህ የሚቀበልሽን ላብ (ላቦራቶሪ) ከአፕሪል በፊት ያዢ፣ የመጀመሪያውን ረቂቅም በጁን መጨረሻ ላኪላቸው። የፕሮፖዛሉ ዋና ክፍል 10 ገጽ ነው። ከነጥቡ 50 በመቶ ለሳይንሱ ጥራት፣ 30 ለፋይዳው፣ 20 ለአፈጻጸሙ ይሰጣል። ብዙ ሰው ሳይንሱ ላይ ስምንት ገጽ ያጠፋና ሌላውን ያንቀዋል።

የላክሽልኝ ረቂቅ ላይ ያየሁት ዋና ችግር ይህ ነው፦ ዓላማ 1 ከታማሚ ሳንባ ፈሳሽ ቲ-ሴል (የሰውነት መከላከያ ሴል) መለየት፣ ዓላማ 2 የእነዚያኑ ሴሎች አርኤንኤ (የትኞቹ ጂኖች እየሠሩ እንደሆነ የሚያሳይ ሞለኪውል) ማንበብ፣ ዓላማ 3 የተገኘውን ጂን በአይጥ መሞከር። ዓላማ 1 ካልሠራ ሌሎቹ ሁለቱም አብረው ይወድቃሉ። ዓላማ 2ን አሁን ፍሪዘር ውስጥ ባለሽ የደም ናሙና አስጀምሪው። ናሙና ከአዲስ አበባ የምታስመጪ ከሆነ የሥነ ምግባር ፈቃዱና የናሙና ማስተላለፊያ ስምምነቱ ወራት ስለሚወስዱ መርሐ ግብሩ ውስጥ በግልጽ አስገቢያቸው። ሕያው የቲቢ ባክቴሪያ ላይ የምትሠሪ ከሆነም ተቀባዩ ደረጃ 3 ላብ (ለአደገኛ ጀርሞች የተዘጋጀ ጥብቅ ጥበቃ ያለው ላቦራቶሪ) እንዳለውና የመግቢያ ሥልጠናው ስንት ወር እንደሚያስጠብቅ አስቀድመሽ ጠይቂ።

ፉክክሩን አልደብቅሽም። እ.ኤ.አ. በ2025 የማሪ ኩሪ ጥሪ 17,058 ማመልከቻ ገብቶ ያለፈው ከአስሩ አንድ ገደማ ነው። ዝቅተኛ ነጥብ ያገኘ ማመልከቻ በቀጣዩ ዓመት በዚያው ተቋም በኩል ተመልሶ እንዳይቀርብ የሚከለክል ደንብም አለ፤ «ለሙከራ» ብለሽ ያልበሰለ ነገር አታስገቢ። ያው ፕሮጀክት በጥቂት ማሻሻያ ለኤምቦም ይሆናል።

አባትሽን በአክብሮት፣ ግን ሳትሸፋፍኚ ንገሪያቸው፦ ፖስትዶክ ውል፣ ደመወዝና ግብር ያለው ሥራ እንጂ ትምህርት አይደለም። ወንድምሽ ደግሞ በ2025ቱ የማሪ ኩሪ ጥሪ ላይ የተጻፈውን የወር 5,990 ዩሮ በብር አባዝቶት ይሆናል። ያ ገንዘብ ሁሉ እጅሽ አይገባም። እንደ አገሩ የኑሮ ውድነት ይስተካከላል፣ የአሠሪው የማኅበራዊ ዋስትና መዋጮም ከዚሁ ይወጣል፣ ከዚያ ደግሞ ግብር አለ። የመጀመሪያውን የደመወዝ ወረቀት ሳታዪ ወርሃዊ ቃል አትግቢ። ቤቱ ሁለት ዓመት ቢዘገይም ይሠራል፤ የኤምቦ ሁለት ዓመት ካለፈ ግን አለፈ።

የቀሩትን ባጭሩ፦ የመጀመሪያ ደራሲ የሆንሽበት አንድ ጽሑፍ ለኤምቦ መግቢያ ይበቃል። እንግሊዝኛውን የሥራ ባልደረባ ያርምልሽ። የአሜሪካው ኤፍ32 ፌሎሺፕ የአገሩን ዜግነት ወይም ግሪን ካርድ ስለሚጠይቅ እሱን ተዪው።

በዚህ ሳምንት ለሦስት ላቦች ጻፊ። ኢሜይሉ ከ200 ቃል አይብለጥ፦ ከእነሱ ጽሑፎች አንዱን ጠቅሰሽ ያልተመለሰ አንድ ጥያቄ፣ አንቺ ይዘሽ የምትመጪው አንድ ዘዴ፣ የዲፌንስሽ ቀን፣ የምታመለክቺበት ፌሎሺፕ ስምና መዝጊያው። በአሥር ቀን መልስ ካልመጣ አንድ ጊዜ አስታውሺያቸው፤ ከዚያ ወደ ቀጣዩ ላብ እለፊ።