ያቺ ዝቅ ያለች ጠረጴዛ

ልጆቼ፣ እንደምን ሰነበታችሁ።

ከወር በፊት የእህቴ ልጅ ቤት ሄጄ ነበር። ሥራዋን የምትሠራው ከቤት ነው። ላፕቶፗን ምግብ ጠረጴዛው ላይ አድርጋ፣ ትከሻዋ ጆሮዋ ሥር ደርሶ ስትጽፍ አገኘኋት። "አክስቴ፣ አንገቴን እኮ ገደለኝ" አለችኝ። ፋርማሲ ልትሄድ ነበር። እኔ ግን "መጀመሪያ ሜትር አምጪ" አልኳት።

ለምን ሜትር እንዳልኩ ላጫውታችሁ።

በ1972 ዓ.ም ታይፒስት ሆኜ ስቀጠር 19 ዓመቴ ነበር። የጽሕፈት መኪናዬን ያስቀመጡልኝ የአለቃ ጠረጴዛ ላይ ነው። ትልቅ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ከፍ ያለ። መጀመሪያ ኮራሁበት። በሁለተኛው ሳምንት ግን ፀጉሬን ለማበጠር እጄን ማንሳት አቃተኝ። ስናገር "ገና ጀማሪ ነሽ፣ ትለምጂዋለሽ" ተባልኩ። አልለመድኩትም። በመጨረሻ አንዲት ታላቅ ባልደረባዬ ከመዝገብ ቤት ጥግ አቧራ የጠጣች ትንሽ ጠረጴዛ ጎትታ አመጣችልኝ። "የታይፕ ጠረጴዛ ይቺ ናት። ያኛው ለመፈረም ነው የተሠራው" አለችኝ። በሳምንቱ ሕመሙ ቀለለኝ።

ልዩነቱ 8 ሳንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ተራ የቢሮ ጠረጴዛ ቁመቱ 75 አካባቢ ነው፤ የታይፕ ጠረጴዛ 67 ግድም። መኪናው ራሱ ቁመት አለው፤ ጣት የሚያርፍበት ቁልፍ ከጠረጴዛው ከፍ ብሎ ነው የሚገኘው። ጠረጴዛው ዝቅ ካላለ ክንድ ቀኑን ሙሉ ተሰቅሎ ይውላል። በአማርኛ ደግሞ ሥራው ይበዛል። ፊደላችን ከ200 በላይ ነው፤ መኪናው ግን ያን ያህል ቁልፍ ከየት ያመጣል? ስለዚህ ብዙውን ፊደል አካሉን አንዴ፣ ቅጥያውን ደግሞ ለብቻው እንመታ ነበር። ኢንጂነር አያና ብሩ የአማርኛን የጽሕፈት መኪና ሲያስቡ የገጠማቸው ፈተና ይኸው ነው። ለእያንዳንዱ ደብዳቤ ምን ያህል ምት እንደሚወጣ አስቡት።

ይህን የተረዳ አናጢ ነበር እነዚያን ጠረጴዛዎች የሠራቸው። ከ10 ኪሎ በላይ የሆነ ብረት ቀኑን ሙሉ ሲመታባት እንዳትወዛወዝ እግሮቿ ሰፋ ብለው ቆመዋል። ድምፁን እንዲውጥ ከመኪናው ሥር ወፍራም የሱፍ ጨርቅ ይነጠፍ ነበር። በጎን በኩል ተነሥቶ የሚዘረጋ ክንፍ አላት፤ የሚገለበጠው ጽሑፍ የሚቀመጠው እዚያ ነው። ነገሩ ከመጀመሪያውም እንዲህ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1874 አሜሪካ ውስጥ ለገበያ የወጣው የሬሚንግተን መኪና የራሱ ጠረጴዛ ነበረው። ፋብሪካው የልብስ ስፌት መኪናም ይሠራ ስለነበር ጠረጴዛውን ከዚያው ወሰደው፤ አዲስ መስመር የሚጀመረውም በእግር እየተረገጠ ነበር።

ቢሯችን ኮምፒውተር ሲያስገባ አሮጌው ዕቃ በጨረታ ወጣ። ያቺን ጠረጴዛ እኔ ገዛኋት። ዋንዛ ናት። ዋንዛ እንደ ልብ የሚገኝ እንጨት አይደለም፤ በ1986 ዓ.ም የወጣው የደን አዋጅ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ ከከለከላቸው አራት ዛፎች አንዱ ነው። ከኮሶ፣ ከዝግባና ከጥድ ጋር። ስለዚህ እንዲህ ያለ ጠረጴዛ አያታችሁ ቤት ወይም ጨረታ ላይ ካገኛችሁ እባካችሁ በቺፑድ አትለውጡት። ከመግዛታችሁ በፊት ነቅንቁት። ገልብጣችሁ ሆዱን እዩ፤ ነቀዝ የገባበት እንጨት ሥሩ ዱቄት አለው። መሳቢያውን አውጥታችሁ ማዕዘኑን ተመልከቱ፤ እንጨት እንጨቱ ውስጥ ገብቶ ከተያያዘ ጥሩ አናጢ ነክቶታል፣ በሚስማር ብቻ ከተመታ ዋጋ ቀንሱ። ቀለም ግን አትቀቡት። በብርጭቆ ወረቀት ቀስ ብላችሁ አሽታችሁ ቫርኒሽ ብቻ ስጡት። እግሩን ማስረዘም ደግሞ በፍጹም! የምትገዙት ዝቅታውን ነው።

ጠረጴዛ ባትገዙም ይህችን ዛሬውኑ ሞክሯት። ወንበራችሁ ላይ ተቀመጡ፣ ትከሻችሁን ልቀቁት፣ ክርናችሁን እጠፉ። እጃችሁ የቆመበት ቦታ የኪቦርዳችሁ ቦታ ነው። ስክሪኑን በመጻሕፍት ከፍ አድርጉት፤ ኪቦርድ ለብቻው ግዙ። ብዙ ወጪ አይደለም። እኔ ትከሻዬን ያዳንኩት በሰው ርኅራኄ ነው፤ እናንተ ግን ማንንም መጠበቅ የለባችሁም።

የእህቴ ልጅ ጠረጴዛ ሲለካ 77 ሆነ። በማግስቱ ዋንዛዬን ሚኒባስ አናት ላይ አስጭኜ ላክሁላት። እሁድ ደወለችልኝ፤ አንገቷ ተሽሏታል፣ የግራው መሳቢያ ግን አልከፈት ብሏታል። ለእኔም ክረምት ክረምት እንዲሁ ያስቸግረኝ ነበር። ሐዲዱን ሻማ አሺው አልኳት።