አዲስ አበባ ክልል ሳትሆን «የምርጫ ክልል» አላት?

አንድ የአራት ኪሎ አንባቢያችን እንዲህ ሲሉ ጠይቀውናል፦ «የመራጭነት ካርዴ ላይ "የምርጫ ክልል" ይላል። አዲስ አበባ የከተማ አስተዳደር ናት እንጂ ክልል አይደለችም። ቃሉ በስህተት ገብቶ ይሆን? ደግሞስ የምክር ቤት መቀመጫ "ይከለላል" ነው "ይደለደላል" የሚባለው?»

ካርድዎ አልተሳሳተም። «ክልል» የመጣው «ከለለ» ከሚለው ግስ ነው፤ ጋረደ፣ አጠረ፣ ወሰን አበጀ ማለት ነው። ባለፈው ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ ስሄድ አንዲት ቡና የምታፈላ ልጅ ምድጃዋን በሸራ ጋርዳ አየሁና ምነው ብላት፣ «ነፋሱ አመዱን እያበነነ ሲኒው ላይ ሲያራግፍብኝ ጊዜ ከለልኩት» አለችኝ። ቃሉ ይኸው ነው። «ጥላ ከለላ» የምንለውም ከዚሁ የወጣ ነው። ፌዴራል ሥርዓቱ ከመጣ ወዲህ ግን «ክልል» ሲባል ጆሯችን ቶሎ የሚያስበው ኦሮሚያን፣ አማራን፣ ትግራይን ሆኗል። ሕገ መንግሥቱ ራሱ ቃሉን በሁለቱም ፍቺ ይጠቀምበታል፤ አንቀጽ 54 ላይ «የምርጫ ክልል» የሚለው ዕጩዎች የሚወዳደሩበትን፣ ብዙ ድምፅ ያገኘው አንዱ የሚያልፍበትን አካባቢ ነው።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ስንመጣ፣ መቀመጫ ይደለደላል፣ መሬት ይከለላል። የተወካዮች ምክር ቤት አባላት ከ550 አይበልጡም፤ ከዚህ ውስጥ ቁጥራቸው አነስተኛ ለሆኑ ብሔረሰቦች ቢያንስ 20 መቀመጫ ይኖራቸዋል። ይህ ድልድል ነው። ከኳስ የምድብ ድልድል ጋር ግን አያምታቱት፣ እዚያ ዕጣ አለ፣ እዚህ የለም። አከላለል የሚባለው የአንዱ የምርጫ ክልል ወሰን ከየት እስከ የት እንደሚደርስ የሚወሰንበት ነው። ምርጫ ቦርድ ረቂቅ ያቀርባል፣ ፌዴሬሽን ምክር ቤት ይወስናል፤ መነሻው ደግሞ በየ10 ዓመቱ መካሄድ ያለበት የሕዝብ ቆጠራ ነው። የመጨረሻው ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ነው። ከዚያ ወዲህ ከፒያሳና ከካዛንቺስ ስንቱ ጎረቤት ዕቃውን ጭኖ ወደ ከተማው ዳር እንደሄደ እርስዎም አይተዋል፤ ለዚህ ነው «አከላለል» የሚለውን ቃል ከ«ድልድል» ለይተን መያዝ ያለብን። መቀመጫው ሳይነካ ወሰኑ ብቻ ሊለወጥ ይችላል፣ ዜና ጸሐፊ ሁለቱን ከቀላቀለ አንባቢ የትኛው እንደተነካ አያውቅም።

ሲጽፉ «የምርጫ» የምትለዋን አይጣሏት። «አዲስ አበባ 23 ክልሎች አሏት» ያሉ እንደሆነ ሰው ይደነግጣል። «23 የምርጫ ክልሎች» ይበሉ።