ዓሣ ተምረሽ ምን ልትሆኚ?

ከኖርዌይ፣ ከበርገን የጻፍሽልኝ እህቴ፣ ሰላም ነሽ? ባዮሎጂ ጨርሰሽ በሰሜን ምሥራቅ አትላንቲክ የጥልቅ ባሕር ዓሣና ሽሪምፕ ላይ ማስተርስ ልትጀምሪ ነው። እናትሽ ደግሞ «ዓሣ ተምረሽ ምን ልትሆኚ? ነርስ ሁኚና ለታናናሾችሽ ብር ላኪ» ብለውሻል። ሥራ ይገኛል ወይ፣ መርከቡ ያመኛል ወይ፣ ብቸኛዋ ጥቁር እሆናለሁ ወይ ነው ጥያቄሽ።

ሥራው አለ። ኦሬንጅ ራፊ የሚባለው የጥልቅ ባሕር ዓሣ ከ100 ዓመት በላይ ይኖራል፣ ለመራባት ግን አሥርት ዓመታት ይፈጅበታል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ከስኮትላንድ ምዕራብ አስጋሪዎች በጥቂት ዓመታት ውስጥ አሟጠጡት። ከዚያ ሕግ መጣ፤ የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2016 ከ800 ሜትር በታች በባሕር ወለል ላይ የሚጎተት መረብ ከለከለ፣ በ2022 ደግሞ 87 ቦታዎችን ከ400 ሜትር በታች ወለሉን ለሚነካ ማስገሪያ ዘጋ። እንዲህ ያለ ሕግ ቁጥር ይበላል፣ ቁጥሩን የሚያወጣው ሰው ደግሞ ደመወዝተኛ ነው። ኖርዌይ ኅብረቱ ውስጥ ባትሆንም እዚያው በርገን ያለው የባሕር ምርምር ኢንስቲትዩት የሚሠራው ይሄንኑ ነው።

ሥራው ምን ይመስላል መሰለሽ? ዕድሜውን ለማወቅ የዓሣው ጭንቅላት ተከፍቶ የጆሮ ድንጋዩ ይወጣል፣ በስሱ ይቆረጣል፣ ከዚያ ማይክሮስኮፕ ላይ ቀለበቱን እንደ ዛፍ ትቆጥሪያለሽ። ሽሪምፕ ግን ቅርፊቱን እየጣለ ስለሚያድግ ቀለበት አይተውልሽም፤ ብዙ ለክተሽ ዕድሜውን በስታቲስቲክስ ነው የምትገምቺው። (የሰሜኑ ሽሪምፕ ደግሞ ወንድ ሆኖ ጀምሮ ሴት ሆኖ የሚጨርስ ጉደኛ ነው።) ስለዚህ አዲስ ዝርያ ፍለጋውን ለሌላ ተዪና ዕድሜ ማንበብና ስታቲስቲክስ ያለበትን ርዕስ ያዢ። ዶክትሬቱ ይቆይሽ። የእኔም እንጀራ የወጣው ከላብራቶሪ ወንበር ነው፣ እጁ ሥራ የሚያውቅ ሰው ሲቸገር ብዙም አላየሁም።

አሁን ወደ እናትሽ። ነርስ ለመሆን ሦስት ዓመት ባችለር እንደ አዲስ ልትጀምሪ ነው፣ ማስተርሱ ሁለት ዓመት ነው። ነርስነት ትልቅ ሙያ ነው፣ ግን ሳይወዱት የሚገቡበት አይደለም፣ በሽተኛውም ያውቅብሻል። የታናናሾችሽ ትምህርትም ያንቺ ዕዳ አይደለም። ከቻልሽ ላኪ፣ ሙያሽን ግን በዌስተርን ዩኒየን አትምረጪ።

የባሕሩ ሕመም ብዙውን ሰው በሁለት ሦስት ቀን ይለቀዋል፣ ክኒንም አለው። ብቸኛዋ ጥቁር ልትሆኚ ትችያለሽ፣ አዎ፤ በርገን ያደግሽ ልጅ ይሄን ከእኔ አትማሪም።

ከመመዝገብሽ በፊት አማካሪሽን አንድ ነገር ጠይቂው፦ እሱ ጋ ማስተርስ የጨረሱ ልጆች አሁን የት ነው የሚሠሩት? ቦታ እየጠራ ካልነገረሽ ሌላ አማካሪ ፈልጊ።