የቅንጭብ አጥራችንን እንንቀለው?

ጥያቄ፦ የምጽፍልዎት ከፍኖተ ሰላም ነው። የግቢያችን አጥር ቅንጭብ ነው። ቅዳሜ ባለቤቴ ሲከረክመው የ7 ዓመት ልጃችን የወደቀ ቅርንጫፍ ሰበረና ወተቱ ቀኝ ዓይኑ ውስጥ ተፈናጠረ። ጎረቤታችን የጡት ወተት አለበችበት፤ ማታ ደግሞ ከአያቱ የዓይን ቀዶ ሕክምና የተረፈ ጠብታ አደረግንለት። ዛሬ ሰኞ ዓይኑ ቀልቷል፤ ወደ ደጅ ውጣ ሲሉት ያለቅሳል። አጥሩን እንንቀለው?

መልስ፦ እህቴ፣ የጠየቁኝ ስለ አጥሩ ቢሆንም ያስጨነቀዎት ልጁ ይታወር ይሆን የሚለው እንደሆነ ይገባኛል። በቅንጭብ ወተት የተጎዳ ዓይን በጊዜ ከታከመ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ውስጥ ይድናል። ይህን ማለቴ ግን እስከ ነገ ይቆያል ማለት አይደለም፤ ልጁ ዛሬውኑ መታየት አለበት።

ደጁን የሚሸሸው ብርሃኑ ስለሚያሠቃየው ነው። ወተቱ የዓይኑን መስታወት መሰል የፊት ሽፋን ሲልጠው ብርሃን እንደ መርፌ ይወጋል። ሕመሙ መጀመሪያ ላይ ቀለል ብሎ ብዙ ጊዜ በማግስቱ ስለሚብስ ወላጆችን ያዘናጋል። በጥቁሩ ላይ ነጭ ነጠብጣብ ካዩ ቁስሉ አመርቅዞ ይሆናልና ሰዓት አይቁጠሩ፤ ብልዝ የምንለው ጠባሳ የሚቀረው ከዚህ ነው።

ስለ ጡት ወተቱ ደጋግሜ እናገራለሁ፤ ሰሚ ግን አላገኘሁም። የጡት ወተት ለሕፃን ምግብ እንጂ ለተላጠ ዓይን መድኃኒት አይደለም። ከጡት ጫፍና ከእጅ ተሕዋስያን ይዞ ክፍት ቁስል ላይ ያርፋል፤ ከሁሉም የሚከፋው ደግሞ የምታልበው እናት እስክትጠራ፣ እስክትመጣና እስክታልብ ድረስ ዓይኑ ሳይታጠብ መቆየቱ ነው። ነጩ ነጩን ያወጣዋል የሚሉም ሰዎች አጋጥመውኛል፤ ቀለማቸው ከመመሳሰሉ በቀር አንዱ ለሌላው ማርከሻ የሚሆንበት ምክንያት የለም። በዚያች ቅጽበት የሚያስፈልገው ንጹሕ ውኃ ነበር፦ ጭንቅላቱን ወደ ተጎዳው ዓይን ጎን አዘንብሎ፣ ቆቡን በጣት ገልጦ፣ ቢያለቅስም ሳይተዉ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ በጆግ ማፍሰስ።

የአያቱን ጠብታ ግን በዝምታ አላልፈውም። ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚታዘዙት ጠብታዎች ብዙዎቹ እንደ ዴክሳሜታዞን ያለ ስቴሮይድ አለባቸው፤ ይህም መቅላቱን እየቀነሰ ኢንፌክሽን ከሥር እንዲስፋፋ መንገድ ሊከፍት ይችላል። ለአንድ ሰው የታዘዘ መድኃኒት የቤተሰብ ንብረት አይደለም! ዳግመኛ እንዳይጨምሩለት፤ ጠርሙሱን ግን ለሐኪሙ ያሳዩት። ሐኪሙ ብርቱካንማ ቀለም ጠብ አድርጎ በሰማያዊ መብራት ሲያይ የተላጠው ቦታ አረንጓዴ ሆኖ ያበራል፤ ልጁን አያሳምመውምና አይስጉ። ጤና ጣቢያው ይህን ማድረግ ካልቻለ የዓይን ክፍል ወዳለው ሆስፒታል ሪፈር ያጽፉ።

አጥሩን እኔ ብሆን አልነቅለውም፤ ንቅለቱ ራሱ ከክርከማው የበለጠ ወተት ያፈሳል። የሚከረክም ሰው የዓይን መከላከያ መነጽርና ጓንት ያድርግ፣ ከራሱ በላይ ያለውን ቅርንጫፍ ቀና ብሎ አይቁረጥ፣ የተቆረጠውንም ልጆች ሳይደርሱበት በዕለቱ ያንሣ። ወተቱ በውኃ ብቻ ስለማይለቅ እጅንም ገጀራንም በሳሙና ማጠብ ያስፈልጋል። ለተከላ የሚፈልጉት ቁራጭ ካለ ቁስሉ እስኪደርቅ ጥቂት ቀናት ጥላ ሥር ይቆይ። ዛሬ ግን አጥሩን ማንም አይንካው፤ ባለቤትዎ ገጀራውን አስቀምጠው ከልጁ ጋር መንገድ ይጀምሩ።